ስለ ጥበቃና ስለ ይቅርታ

በልጅነቴ የተማርሁት በወለጋ ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ባቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ክረምት በሆነ ጊዜ ሌሎቹ ተማሪዎች ወደየወላጆቻቸው ሲበተኑ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን እዚያው እንከርም ነበር። ይኸውም የአትክልቱን ቦታ እየኰተኰትን የሚመጣውን ዓመት የትምህርት ክፍያ በጕልበታችን እንድንከፍል ነው። በ1964 ዓ.ም. ክረምት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከእኛ ጋራ የከረመው ጀርመናዊ መምህራችን አንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበረው። በዚያ ወራት የኦሎምፒክ ጨዋታ በገዛ አገሩ በሙኒክ ከተማ ይደረግ ስለ ነበረ፥ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ያስቀምጠንና የሰማውን ይተረጕምልን ነበር። ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ሦስተኛ የወጣ ዕለት እርሱ ራሱ ከእኛ አብልጦ ጨፈረ።

ነሐሴ 30 ቀን ግን ፊቱ ጠቍሮ ዋለ። የታጠቁ ሰዎች የእስራኤልን ስፖርተኞች ከመኝታቸው እንደ ያዙ ነገረን፥ ከዚያ በቀር አልተናገረም። ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ በራችንን ደበደበ። «ተርፈዋል! ሁሉም ተርፈዋል!» አለ። ከመኝታችን ተነሥተን ከእርሱ ጋራ ተንበርክከን አመሰገንን። ሲነጋ ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሬዲዮው ተዘግቷል። «አልተረፉም» አለን። «አንድም አልተረፈም።»

አንድ የተማረና የሸመገለ ሊሆን የተቃረበ ሰው በልጆች ፊት እንደዚያ ሲያፍር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። እርሱ ከወለጋ ወጥቶ አያውቅም፤ አጥሩን የሠራ እርሱ አይደለም፤ ታዲያ ስለ ምን ያፍራል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ይዤው ኖሬአለሁ። ስለዚያ ሌሊት የተጻፈውን በየጊዜው እየፈለግሁ ያነበብሁትም ስለዚሁ ነው። አሁን፥ ወጣት አንባቢዬ፥ የደረስሁበትን ልንገርህ።

ጀርመኖች የኦሎምፒክን ጨዋታ ከዚያ ቀደም በ1936 በበርሊን አዘጋጅተው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ከአገራችን ነገር በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ገዢው ሂትለር ስለ ነበረ በየአደባባዩ የሚታየው ሰልፍና የጦር ልብስ ነበር። ከዚያም በኋላ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ያለቁበት ዘመን መጣ። በ1972 እንደ ገና እንግዳ ለመቀበል ዕድል ባገኙ ጊዜ የዚያ መንግሥት ጥላ በሙኒክ ላይ እንዳያጠላ አጥብቀው ፈለጉ። ጨዋታውንም የደስታ ጨዋታ ብለው ሰየሙት። በጨዋታው ስፍራ ለጥበቃ የቆሙት ወደ ሁለት ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ከፖሊስ ተመርጠው የመጡ ቢሆኑም፥ ደንብ ልብሳቸው አስተዛዛኝ ውሃ ሰማያዊ ነበር፤ መሣሪያም አልያዙም። የስፖርተኞቹ መንደር የተከበበው በሽቦ አጥር ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አምሽተው የሚመጡ ስፖርተኞች እየዘለሉት ይገቡ ነበር፤ ጠባቂውም አይቶ ዝም ይል ነበር።

አላወቁም ነበር ማለት ግን አይቻልም። የሙኒክ ፖሊስ የሥነ ልቡና አማካሪ የነበረው ጌዮርግ ዚበር ሊደርሱ ይችላሉ ያላቸውን 26 ዓይነት አደጋዎች አስቀድሞ ጽፎ አቅርቦ ነበር። ሃያ አንደኛው፥ የታጠቁ ፍልስጤማውያን ሊነጋጋ ሲል አጥር ተሻግረው የእስራኤልን ስፖርተኞች ማደሪያ ይይዛሉ የሚል ነው። ይህ ወረቀት የበዓሉን መንፈስ የሚያበላሽ ስለ ሆነ ወደ ጐን ተደረገ።

ሴፕቴምበር 5 ቀን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት አልፎ «ጥቁር መስከረም» ከተባለው ድርጅት የተላኩ ስምንት ሰዎች የስፖርት ልብስ ለብሰው፥ መሣሪያቸውን በስፖርት ቦርሳ ይዘው አጥሩን ተሻገሩ። በዚያ ሲያልፉ የነበሩ የሌላ አገር ስፖርተኞች ጓደኞች መስለዋቸው ዕቃቸውን ተቀብለው እንዳሻገሯቸው ይነገራል። ወደ እስራኤላውያኑ ማደሪያ ገብተው የትግል አሠልጣኙን ሞሼ ዋይንበርግንና ክብደት አንሺውን ዮሴፍ ሮማኖን ገደሉ፤ ዘጠኙን አገቱ። በእስራኤል እስር ቤት ያሉ ከ200 በላይ እስረኞች ይፈቱልን አሉ። የፍልስጤም ሕዝብ በደል ረዥም ነገር ነው፥ ዛሬ በዚህ ጽሑፍ አልመረምረውም፤ ነገር ግን ለትግልና ለክብደት ማንሣት የመጣ እንግዳ የዚያ ዕዳ ከፋይ ሊሆን እንደማይገባው ለመረዳት ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም።

የዚያን ቀን የጀርመን ፖሊስ ያደረገውን ሳነብ ልቤ ይደማል። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሃንስ ዲትሪሽ ጌንሸር በታጋቾቹ ፈንታ ራሱን ለመስጠት ጠይቆ እምቢ ተብሏል። ይህ የሚከበር ነው። ዳሩ ግን የአንድ ሰው ድፍረት ያልተዘጋጀ ሥራን አይተካም። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ጣራ ላይ ሲወጡ ቴሌቪዥን ለዓለም ሁሉ ያሳያቸው ነበር፤ በታጋቾቹም ክፍል ቴሌቪዥን ነበረ። ማታ አጋቾቹንና ታጋቾቹን በሄሊኮፕተር ፉርስተንፌልድብሩክ ወደሚባል የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዷቸው፤ በዚያ ለመግደል የተዘጋጁት ተኳሾች አምስት ናቸው፥ አጋቾቹ ግን ስምንት። ተኳሾቹ ለዚህ የሠለጠኑ አልነበሩም፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መገናኛም አልተሰጣቸውም። አውሮፕላን ውስጥ የበረራ ሠራተኛ መስለው እንዲያደቡ የታዘዙት ፖሊሶች፥ ሄሊኮፕተሮቹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፥ ድምፅ ሰጥተው ወረዱ። እነዚህን ሰዎች ፈሪዎች ብዬ ልሰድባቸው አልደፍርም። ያላስተማሩትን ልጅ ፈተና ላይ አስቀምጦ ወደቀ ብሎ መቈጣት የመምህር ነውር እንደ ሆነ አውቃለሁና። ብረት ለበስ መኪናዎቹ ዘግይተው ተጠርተው በመንገድ ተጨናንቀው ሲደርሱ ነገሩ ወደ ማለቁ ነበር። ዘጠኙም ታጋቾች ሞቱ፤ አንድ ፖሊስም ሞተ፤ ከአጋቾቹ አምስቱ ሞቱ። መምህራችን በሌሊት የቀሰቀሰን በሐሰተኛው ወሬ ነው፤ የመንግሥቱ ቃል አቀባይ ሳይቀር ሥራው ተሳክቷል ብሎ ነበርና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጠባቂውን ያለ መሣሪያ ማቆም ደግነት ነው ወይስ አይደለም?

ደግነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም በወጣትነቴ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። ነገር ግን አጥሩን ያሳጠረው አሳብ የማን ነበር? ስለ እንግዳው ደኅንነት የታሰበ አሳብ ነው ወይስ አስተናጋጁ በዓለም ፊት ምን መስሎ እንደሚታይ? በደልን የሚያስታውስ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ወደ ተበደለው ሰው ፊት ማየት ነው፤ ሁለተኛው ወደ መስተዋት ማየት ነው። ጀርመኖች በዚያ ክረምት ወደ መስተዋት አዩ። ከዚህም የሚመር ነገር አለ፤ በዚያ አጭር አጥር ምክንያት የሞቱት እንግዶች፥ ያ ሁሉ ኀፍረት የመጣበት የዚያው ሕዝብ ልጆች ነበሩ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ሰው ከሁሉ ያነሰ ጥበቃ አገኘ። መምህራችንን በደረጃው ላይ ያስቀመጠው ይህ ይመስለኛል።

ጨዋታው ለአንድ ቀን ተኩል ያህል ተቋርጦ ቀጠለ። ይቀጥል መባሉ ልክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እኔ ግን በዚህ ላይ አፌን ሞልቼ ለመናገር ያፍረኛል። ጳጉሜን 5 ቀን በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማሞ ወልዴ በአርባ ዓመቱ ማራቶን ሮጦ የነሐስ ሜዳይ ባገኘ ጊዜ፥ እኛ ሦስት ልጆች ችቦ አብርተን ስንጮኽ አምሽተናልና። በዚያው ማራቶን፥ አንደኛ የወጣው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ገና ሳይደርስ፥ ሯጭ መስሎ የለበሰ አንድ ቀልደኛ የጀርመን ተማሪ ወደ ስታዲዮሙ ገብቶ በሕዝብ ጭብጨባ ሲሮጥ ነበር። በሩን የሚጠብቅ ሰው አላስቆመውም። ከዚያ ሌሊት በኋላ አምስት ቀን እንኳ አልሞላም!

ጀርመኖች ግን እንቅልፋሞች ሆነው አልቀሩም። ሦስት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ፥ ሴፕቴምበር 26 ቀን፥ ልዩ የፖሊስ ጓድ እንዲቋቋም ታዘዘ፤ ስሙም በእነርሱ ቋንቋ አጠራር ጌ ኤስ ጌ 9 ነው። አለቃው ኡልሪሽ ቬገነር በሙኒኩ ቀን የሚኒስትሩ ረዳት ሆኖ ያን ሁሉ ውርደት በዓይኑ ያየ መኰንን ነበር። አሳብህን ወደዚህ መልስልኝ፤ እነዚህ ሰዎች ከሁለት ፍርሃት መካከል ቆመው ነበር። አንዱ የሙኒክ ሌሊት ነው፤ ሌላው የሂትለር ዘመን ጥቁር ለባሽ ጓዶች ትዝታ ነው። ሕጋቸውም የጦር ሠራዊት በአገር ውስጥ እንደ ፖሊስ እንዲሠራ አይፈቅድም ነበር፤ ፖሊስም በየክፍለ ሀገሩ መንግሥት እጅ ነበር። ስለዚህ ጓዱን ወታደር አላደረጉትም፤ በድንበር ጠባቂው ፖሊስ ውስጥ አስገብተው ከአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሥልጣን በታች አዋሉት፤ ለፖሊስ በወጣውም ሕግ አሰሩት። ቍጥሩን አሳነሱ፥ ትምህርቱን አበዙ። በ1973 ለሥራ ተዘጋጀ። የየክፍለ ሀገሩም ፖሊስ የየራሱን ልዩ ጓድ አቋቋመ፤ ፈረንሳይንም የመሰሉ አገሮች ይህንኑ አደረጉ።

ፍሬውም ታየ። በጥቅምት 1970 ዓ.ም.፥ እኛ ከሶማሊያ ጋራ በኦጋዴን በጦርነት ላይ ሳለን፥ «መቋዲሾ» የሚለውን ስም የምንሰማው ከጦር ወሬ ጋራ ብቻ በነበረበት ጊዜ፥ አንድ የተጠለፈ የሉፍታንዛ አውሮፕላን እዚያው መቋዲሾ አረፈ። ጠላፊዎቹ አብራሪውን ዩርገን ሹማንን አስቀድመው በኤደን ገድለውት ነበር። ኦክቶበር 18 ቀን 1977 እኩለ ሌሊት እንዳለፈ የቬገነር ሰዎች በደቂቃዎች ውስጥ ገብተው 86ቱን ታጋቾች በሕይወት አወጡ። በዚህ ጊዜ «ሁሉም ተርፈዋል» የሚለው ወሬ እውነት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ስሕተት ተሠራ፥ ታረመ ተብሎ ይዘጋ ነበር። እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ አድርጌ ለተማሪዎቼ ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ያልነገርኋቸው ግን የራሴ ነገር አለ።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነኝ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት መምህር ነበርሁ። በዚያ ጊዜ እንደ ነበረው ልማድ ልጆችን በልምጭ እገርፍ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ልጅ ከልክ በላይ ገረፍሁት፤ ሰንበሩን ባየሁ ጊዜ ነፍሴ ተጸየፈችኝ። ልምጩን ሰብሬ ጣልሁ፤ ሁለተኛም ልጅ ላልመታ ማልሁ። መሐላውን እስከ ዛሬ ጠብቄአለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። በሚመጣው ዓመት የአዳሪዎቹ ኀላፊ አደረጉኝ። ልጆቹ «ጋሼ ደግ ነው» ሲሉ መስማት እንደ ማር ይጣፍጠኝ ጀመር። ሌሊት ፋኖስ ይዤ በመኝታ ቤቱ መዞር ተውሁ፤ እንደ ዘበኛ መታየት አልወደድሁምና። ልምጩን ስጥል ዓይኔንም አብሬ ጣልሁት።

በዚያ ዓመት ከገጠር የመጣ አንድ ትንሽ ልጅ ነበረ። አንድ ማታ ወደ ቤቴ መጥቶ ትልልቆቹ ብርድ ልብሱን እንደሚወስዱበትና እንደሚያስፈራሩት ነገረኝ። እኔም በትከሻው ላይ እጄን አድርጌ «እናንተ ወንድማማቾች ናችሁ፥ ተፋቀሩ» ብዬ መልሼ ሰደድሁት። የዚበር ወረቀት በእኔ በኩል ይህ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዝናብ ሌሊት ከመኝታ ቤቱ አስወጥተው ቈለፉበት። እስኪነጋ በጣራው ጠፈጠፍ ሥር አደረ። ሳንባው ታመመ፤ ሆስፒታል ተኛ፤ ዳነ፥ ግን ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

በዚያው ሳምንት ሁሉን አስተካከልሁ። የሌሊት ዘበኛ ተቀጠረ፤ ፋኖስ ሌሊቱን ሁሉ እንዲበራ ሆነ፤ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ተለዩ፤ ዙሩንም እኔው ራሴ ጀመርሁ። ዲሬክተሩ በመምህራን ስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልሁ! እናቱ የልጁን ሳጥን ልትወስድ በመጣች ጊዜ ወደ መኝታ ቤቱ አስገብቼ ፋኖሱን አሳየኋት፤ ዘበኛውን አስተዋወቅኋት፤ ስለ አዲሱ ደንብ ብዙ ተናገርሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለሚመጡት መልካም ነው፥ ጌታዬ» አለች። ሳጥኑን በአህያ ጭና ሄደች።

ይህች ባልተማረች ሴት አፍ የወጣች ቃል እኔ ካነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ለይታ ያስቀመጠች ይመስለኛል። ፋኖሱ የሚመጡት ልጆች ነው። ለልጅዋ ግን ምን ሰጠኋት? ያን ፋኖስ ያሳየኋት ልታዝንልኝ እንጂ ልታዝንብኝ እንዳትችል ነበር። የተስተካከለ ሥራ ለበዳይ ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ማንም በዚያ ገብቶ ሊነቅፈው አይችልምና፤ ሲነቅፉት ወደ ፋኖሱ ይጠቁማል።

ጀርመኖችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጓዱን ለማቋቋም ሦስት ሳምንት በቃቸው። በሕይወት የተያዙት ሦስቱ አጋቾች ግን፥ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 ቀን ሌላ የሉፍታንዛ አውሮፕላን በተጠለፈ ጊዜ፥ ያለ ፍርድ ተለቀቁ። የሟቾቹ ሚስቶችና ልጆች ባሎቻችንና አባቶቻችን እንዴት ሞቱ ብለው ሲጠይቁ ሰነድ የለም እየተባሉ ዓመታት አለፉ፤ በ1992 ሰነዶቹ እንዳሉ ታወቀ። የሰይፍ ግጥሚያ አሠልጣኝ የነበረው የአንድሬ ስፒትዘር ባለቤት አንኪ ስፒትዘር በወጣትነትዋ የጀመረችውን ክርክር አሮጊት እስክትሆን አልተወችም። በመቋዲሾ የተረፉት 86 ሰዎች ለእርስዋ ምን ይሆኗታል? ደስ ይላታል እንጂ አትከፋም፤ ነገር ግን የእነርሱ መትረፍ የእርስዋ ካሣ አይደለም።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2022፥ ልክ በአምሳ ዓመቱ፥ የጀርመን ፕሬዚደንት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር በዚያው በፉርስተንፌልድብሩክ ቆሞ፥ መንግሥቱ እንግዶቹን ባለመጠበቁና ከዚያም በኋላ እውነቱን ባለመግለጡ የሟቾቹን ቤተ ሰቦች በአገሩ ስም ይቅርታ ለመነ። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎም መንግሥቱ 28 ሚሊዮን ዩሮ ካሣ ለመክፈልና የታሪክ ሊቃውንት ነገሩን እንዲመረምሩት ለማድረግ ተስማምቶ ነበር። ያን ወሬ በሰማሁ ጊዜ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ነበርሁ። መምህራችን ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ሳያይ ሞቷል። ሬዲዮውን ዘጋሁና በልቤ ቈጠርሁ። የእኔም ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል።

የመስቀልን በዓል አሳልፌ መንገድ ገባሁ። ልጁ (ልጅ እላለሁ፤ አሁን ፀጕሩ ሸብቷል) ከወረዳው ከተማ ዳር የእህል ወፍጮ አለው። እናቱ ካረፈች ቈይታለች። ከመኪና ስወርድ አወቀኝ፤ «ጋሼ!» ብሎ ጕልበቴን ሊስም ጐንበስ ሲል ያዝሁት። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ልትነግረኝ የመጣህ ማታ ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ ያ አይደርስብህም ነበር። በድዬሃለሁ፤ እናትህንም በድያለሁ» አልሁት። ወፍጮው ይጮኽ ስለ ነበር የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደግሜ ጮኬ ተናገርሁ፤ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ዘወር አሉ። እርሱም ሄዶ ወፍጮውን አጠፋው።

ወደ ቤት አስገባኝ፤ ሴት ልጁ ቡና አፈላች። ስለዚያ ሌሊት አንድም ቃል አልተናገረም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝ፥ አልጠየቅሁትምም። ስለ ትምህርት ቤቱ ዛፎች፥ ስለ ድሮ መምህራን ጠየቀኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና፥ «እናቴ ትነግረኝ ነበር፤ ሌሊት የሚያድር ፋኖስ አደረጋችሁ አሉ። አሁንም ይበራል?» አለኝ።

አዳሪ ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመት እንደ ሆነው ነገርሁት።